የሌላ ሴት መስኮት

ሰውየው የሐኪም ማዘዣውን ሲያቀብሉኝ እጃቸው ትንሽ ይንቀጠቀጥ ነበር። ዕድሜያቸው ስድሳን የተሻገረ፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ የያዙ አባት ናቸው። የታዘዘላቸው የደም ግፊት መድኃኒት ነው፤ አምሎዲፒን፣ ባለ 5 ሚሊ ግራም። እንደ ልማዴ ካርቶኑ ላይ በእስክሪብቶ «በቀን 1 ጊዜ፣ ጠዋት» ብዬ ጻፍኩና ማስረዳት ጀመርኩ። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት እንዲወስዱት፣ ተሻለኝ ብለው እንዳያቋርጡት፣ እግራቸው ካበጠ ሳይውሉ ሳያድሩ እንዲመለሱ። እሳቸው ግን የሚያዩት ካርቶኑን ሳይሆን ፊቴን ነበር።

«ልጄ፣ አንቺ የዚያ ዘፋኝ ባለቤት የነበርሽው አይደለሽም? ያቺ በመስኮት ቆማ የጠበቀችው?»

«አዎ» አልኩ። ፊታቸው በራ። ዘፈኑ በወጣበት ዓመት ሴት ልጃቸው ወደ ዓረብ ሀገር ሄዳ እንደነበር፣ ባለቤታቸው እሱን እየሰሙ ሲያለቅሱ ክረምቱ እንዳለፈ ነገሩኝ። ከዚያም መርቀውኝ፣ መድኃኒቱን የካፖርታቸው ኪስ ውስጥ ከትተው ወጡ። ስለ እግር እብጠት የነገርኳቸውን አንዱንም አልሰሙም። ተከትያቸው እስከ አስፋልቱ ወጣሁ፤ ታክሲው ተነሥቶ ነበር።

ይህ ከሆነ ሦስት ወር ሊሞላው ነው፤ ከአእምሮዬ ግን አልወጣ አለኝ። መታወቄ አይደለም ያስጨነቀኝ። እሱን ለምጄዋለሁ። በሠርግ ቤት፣ በለቅሶ ቤት፣ በባንክ ወረፋ ላይ ሰው አንገቱን ዘንበል አድርጎ ሲያየኝ ምን ሊጠይቀኝ እንደሆነ ከአፉ ሳይወጣ አውቃለሁ። የዚያን ዕለት የተሰማኝ ሌላ ነው። አንድ የታመመ ሰው ከፊቴ ቆሞ ለጤናው የሚያስፈልገውን ስነግረው፣ ድምፄ ጆሮው ጋ ሳይደርስ አንድ ዘፈን መሐል ገባ። ደግሞ «አዎ» ያልኩት ነገር እውነት አልነበረም።

ግጥሙ የሌላ፣ ዜማው የሌላ

ያ ዘፈን ስለ እኔ አይደለም። ግጥሙን የጻፈው አንድ ሰው ነው፤ ዜማውን የሠራው ሌላ። በእኛ ሀገር የሙዚቃ ሥራ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ ድምፃዊው ግጥሙንና ዜማውን ከባለሙያዎቹ ይቀበላል፣ አቀናባሪው መሣሪያውን ያለብሰዋል፣ በመጨረሻ አድማጩ ሁሉንም ጠቅልሎ ለድምፃዊው ያስረክባል። የሁሉም ስም በአልበሙ ሽፋን ጀርባ በደቃቅ ፊደል ሰፍሯል፤ ማን አንብቦት! ገጣሚው ያንን ግጥም ሲጽፍ እኔን በዓይኑ አይቶኝ አያውቅም ነበር።

ከዓመታት በኋላ አንድ ምሽት አግኝቼው ጠየቅሁት። የጻፈው ስለ እናቱ ነው። አባቱ በደርግ ዘመን ወደ ሰሜን ዘምተው አልተመለሱም፤ ሞቱ የሚል ወረቀትም አልመጣም። እናቱ መርዶ ስላልተነገራቸው ለቅሶ አልተቀመጡም፣ ጥቁርም አልለበሱም። ማታ ማታ፣ ራት ከቀረበ በኋላ፣ በግቢው በር በኩል በምታሳየው ትንሽ መስኮት ቆመው ጥቂት ቆይተው ይመለሱና ለልጆቻቸው ይቆርሱ ነበር። ይህንን ሲነግረኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው። «ሰው ሁሉ አንቺ ነሽ ሲል እኔም ዝም አልኩ» አለኝ።

ዘፈኑ እንደ ወጣ ባለቤቴ በሬዲዮ ቃለ መጠይቅ ሲደረግለት «ለባለቤቴ ነው፤ በየሀገሩ ስዞር ለጠበቀችኝ» አለ። ክፋት አልነበረውም። ስጦታ ሊሰጠኝ ነው የፈለገው። እኔም ልብስ እየተኮስኩ ሰማሁትና ደስ አለኝ፤ ካውያውን አስቀምጬ አለቀስኩ። ዛሬ ይህንን መደበቅ አልፈልግም፤ ስጦታውን በሁለት እጄ ነው የተቀበልኩት። «ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው» ይባላል፤ እኔ ግን ስለ ራሴ የማያውቁት ሰዎች የነገሩኝን አምኜ ተቀበልኩ።

እውነቱን ለመናገር፣ እሱ በየመድረኩ ሲዞር እኔ በአንድ ሆስፒታል መድኃኒት ቤት የሌሊት ተረኛ ነበርኩ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ በመቁጠሪያው ትሪ ላይ ክኒኖቹን በጠፍጣፋዋ ማንኪያ አምስት አምስት እያደረግሁ እገፋለሁ፤ ትሪው የሚያወጣው ቀጭን ድምፅ እስከ ኮሪደሩ መጨረሻ ይሰማል። መስኮት ከተባለ የነበረኝ መድኃኒት የማቀብልበት መስኮት ነው። ከእሱ ማዶ የሚቆመው ደግሞ ልጇን ያስተኛች እናት፣ ወይም የወንድሙን ደም የተሸከመ ጫማ ያላወለቀ ወጣት ነበር። በእነዚያ ሌሊቶች ማንንም አልጠብቅም ነበር። ሥራ ላይ ነበርኩ።

እወደው ነበር፤ ይህንን ካልጻፍኩ የቀረው ሁሉ ሐሰት ይሆናል። አዲስ ዜማ ሲይዘው ወጥ ቤት ድረስ ተከትሎኝ መጥቶ፣ ምጣዱ አጠገብ ቁጭ ብሎ፣ በጣቱ ጫፍ አክንባሎውን እየመታ ያንጎራጉር ነበር። ዝንጅብልና ማር አፍልቼ ስሰጠው ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ እንፋሎቱን ወደ ጉሮሮው ይስባል። የእንቁጣጣሽ፣ የገናና የፋሲካ ዋዜማ የሙዚቀኛ የሥራ ቀን ስለሆነ ዶሮውን ብዙ ጊዜ ከእናቴ ጋር ነው የበላሁት። ሁዳዴ ሲገባና የምሽት ቤቶቹ ጸጥ ሲሉ ግን ቤት ይሆናል። የእኛ የጫጉላ ጊዜ በየዓመቱ ሁዳዴ ነበር፤ ሽሮና ተልባ እየበላን፣ ስልኩን ዘግቶ፣ ማንም የማያውቀውን ድምፁን ለእኔ ብቻ እያሰማኝ። ያ ሰው በፖስተር ላይ ካለው ሰው ጋር አይመሳሰልም፤ የምወደውም ያንን ነበር።

ፎቶግራፉ ላይ ያለችው ልጅ

ውጭ ሀገር የምትኖረው እህቴ ለእረፍት ስትመጣ አንድ መጽሐፍ ሰጠችኝ። ሱዝ ሮቶሎ የተባለች አሜሪካዊት ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ2008 ያሳተመችው የሕይወት ማስታወሻ ነው። ሱዝን በስም የሚያውቃት ጥቂት ነው፤ መልኳን ግን ዓለም ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1963 በኒው ዮርክ ግሪንዊች ቪሌጅ፣ ጆንስ ጎዳና ላይ፣ በረዶው ረግረግ በሆነበት መንገድ መሐል የዘፋኙን የቦብ ዲላንን ክንድ ይዛ ስትራመድ የተነሣችው ፎቶግራፍ የሁለተኛው አልበሙ ሽፋን ሆነ። በጊዜው 19 ዓመቷ ነው።

ፎቶግራፉን ብዙዎች የፍቅር ምስል አድርገው ያዩታል። እሷ ስታስታውሰው ግን ብርዱን ነው የምታስታውሰው። እሱ ለምስሉ ያምር ዘንድ ብርዱን የማይመክት ስስ ጃኬት ለብሷል። እሷ ሹራብ በሹራብ ደርባ፣ ካፖርት ጨምራበት፣ ፎቶውን ባየችው ቁጥር ወፍራ እንደምትታያት ተናግራለች። ይህንን ሳነብ መጽሐፉን ጭኔ ላይ አሳርፌ ረጅም ጊዜ ቆየሁ። ሚሊዮኖች በዚያች ልጅ ውስጥ የራሳቸውን ወጣትነት ሲያዩ፣ እሷ ራሷ የምታየው ካፖርቷን ነው። ልክ ነች፤ ካፖርቱ የራሷ ነው።

ከዲላን ጋር በ1961 በጋ ሲተዋወቁ እሱ 20፣ እሷ 17 ዓመታቸው ነበር። እሱ ገና ያልታወቀ ዘፋኝ ነው። እሷ ደግሞ በኒው ዮርክ ኩዊንስ ያደገች፣ ኮሚኒስት ወላጆች ያሳደጓት፣ አባቷን በ14 ዓመቷ ያጣች፣ ለጥቁሮች የእኩልነት መብት በሚታገለው የዘር እኩልነት ኮንግረስ ቢሮ የምትሠራ ልጅ ነበረች። ቲያትር ትወዳለች፣ ትሥላለች፣ ታነባለች። የጀርመናዊውን ጸሐፌ ተውኔት የብሬሽትን ሥራዎች መድረክ ላይ ባቀረበ አንድ ዝግጅት ትሠራ በነበረበት ጊዜ ዲላን እዚያ የሰማው አንድ ዘፈን የግጥም አጻጻፉን እንደለወጠው ራሱ በማስታወሻው ጽፏል። ሰው ሁሉ እሱ ምን እንደሰጣት ይጠይቃል፤ የሰጠችው ግን ትንሽ አልነበረም።

ከሁሉ ያስገረመኝ የስሟ ነገር ነው። ወላጆቿ ያወጡላት ስም ሱዛን ነው። «ሱዝ» የሚለውን አጻጻፍ የወሰደችው ፒካሶ በሠራው አንድ ሥዕል ላይ ካለ የመጠጥ ጠርሙስ ነው፤ መጠጡ ሱዝ ይባላል። እኛ «ስምን መልአክ ያወጣዋል» እንላለን። ይህች ልጅ ግን ገና ማንም ሳያውቃት፣ ማንም ክንዷን ሳይዛት፣ ከአንድ ሥዕል ላይ የራሷን ስም መርጣ ወሰደች። በኋላ ዝናው ሲመጣና ሰዉ «የዲላን ልጅ» ማለት ሲጀምር፣ የእሱ ጊታር አንድ ክር ሆኖ መኖርን እምቢ አለች። ይህንን አነጋገር በመጽሐፏ ሳገኝ በእርሳስ አሰመርኩበት፤ መጽሐፍ ላይ ማስመር አልወድም ነበር።

ሰኔ 1962 እና የጅማው ደብዳቤ

ደጋግሜ የምመለስበት ቦታ ግን መርከቡ ነው። በሰኔ 1962 ሱዝ ወደ ኢጣሊያ ለመሄድ መርከብ ላይ ወጣች። ጉዞውን የፈለገችው እናቷ ናት፤ ያ ወጣት ዘፋኝ ለልጇ አልጣማትም። ሱዝ አመንትታለች። የምትወደው ሰው ኒው ዮርክ ነው፤ አብረው የሚኖሩባት የምዕራብ 4ኛ ጎዳና ትንሽ ቤት እዚያ ናት። ያም ሆኖ ሄደች፤ ፔሩጂያ ከተማ ገብታ ትምህርት ጀመረች። ለበጋው ብቻ የታሰበው ቆይታ ተራዝሞ ስድስት ወር ያህል ሆነ። እሱ ደብዳቤ ይጽፍላታል፤ ዘፈንም ይጽፋል። ናፍቆቱንና ቅሬታውን ያፈሰሰባቸው ከዘፈኖቹ ሁሉ ያማሩት ናቸው ቢባል ማጋነን አይደለም። በ1963 መጀመሪያ እሱ ራሱ ኢጣሊያ ሲደርስ እሷ ወደ ኒው ዮርክ ተመልሳ ነበር፤ ተላለፉ።

ስትመለስ የጠበቃት ነገር ያሳዝናል። የሙዚቃው ሰፈር ሰዎች እሱ እንደዚያ ሲሠቃይ ጥላው የሄደች ጨካኝ አድርገው ተቀበሏት። በዘፈኖቹ ውስጥ አንዲት ሴት ትሄዳለች፤ በቃ፣ ሥራዋ መሄድ ብቻ ነው። የሄደችበት ቦታ ምን እንደሚመስል፣ እዚያ ምን እንደተማረች፣ ማለዳ ስትነሣ ምን እንደምታይ ዘፈኑ ውስጥ የለም፤ ሊኖርም አይችልም፤ ዘፋኙ እዚያ አልነበረምና። ከወደቡ ለቆመ ሰው ሄደች፤ ፔሩጂያ ላሉት ግን መጣች። ያንን ግማሽ እሷ ካልጻፈችው ማንም አይጽፈውም ነበር። ለመጻፍም ከ40 ዓመት በላይ ፈጀባት። እስከዚያው «ሆድ ይፍጀው» ብላ ሥዕሏን ሣለች፣ በእጇ የሠራቻቸውን መጻሕፍት አሳየች፣ አስተማረች፣ አገባች፣ ልጅ ወለደች።

እኔስ? በ2004 ዓ.ም. ክረምት ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ ደረሰኝ። በክሊኒካል ፋርማሲ ለሁለተኛ ዲግሪ ተቀባይነት አግኝቻለሁ። ደብዳቤውን በሥራ ቦታዬ ደረጃ ላይ ቆሜ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ቤት ስደርስ እሱ ከጉዞ ተመልሷል፤ ሳሎኑ በሰው ተሞልቷል፣ ሻንጣው እንኳ አልተከፈተም። ቡና አፈላሁ። ረከቦቱ አጠገብ ተቀምጬ ፍም እያራገብኩ ደብዳቤው በቀሚሴ ኪስ ውስጥ ሲታጠፍ ይሰማኛል። አንድ እንግዳ፣ «እንኳን ደስ አለሽ፣ መጣልሽ፤ ከእንግዲህ መስኮቱን መዝጋት ትችያለሽ» አለኝ። ቤቱ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ማታ ደብዳቤውን የፋርማኮሎጂ መጽሐፌ መሐል አስገባሁት፤ የምዝገባው ቀን እዚያው እንዳለ አለፈ።

ማንም አልከለከለኝም። እሱ ደብዳቤው መምጣቱን እንኳ አላወቀም፤ ብነግረው «ሂጂ» ይለኝ እንደነበር አልጠራጠርም። ለዓመታት ምክንያቱን ፍቅር እለው ነበር። የሱዝን መጽሐፍ ካነበብኩ በኋላ ግን እንደዚያ ማለት አቃተኝ። ሱዝም ወድዳ ነበር፤ ወድዳም መርከቡ ላይ ወጣች። እኔን ያስቀረኝ ዘፈኑ ነው። ሀገር ሁሉ የሚያውቃት ሴት ትጠብቃለች፤ እሱ ሲመለስ መስኮቱ ላይ ካላገኛት ዘፈኑ ይፈርሳል። ስለ እኔ ያልተጻፈ ግጥም ትእዛዝ ሆኖብኝ፣ እኔ ደግሞ ሳልጠየቅ ታዘዝኩ። የማላውቃቸው እናት የቆሙበት ቦታ ላይ ሄጄ ቆምኩ። እሳቸው የቆሙት ባላቸውን ጦርነት ስለበላባቸው ነው። እኔ ለምን ቆምኩ?

ጅማ በኋላ ሄጃለሁ፤ ከስድስት ዓመት በኋላ፣ ከተለያየን ወዲያ። ከክፍሉ ተማሪዎች ሁሉ ታላቅ እኔ ነበርኩ። ተምሬ ጨርሻለሁ።

ሲልቪ

እ.ኤ.አ. በ2024 ስለ ዲላን ወጣትነት በተሠራው ፊልም ውስጥ የሱዝን ቦታ የያዘችው ገጸ ባሕርይ ስሟ ሲልቪ ሩሶ ነው። እውነተኛ ስሟ እንዳይጠቀስ የጠየቀው ዲላን ራሱ እንደሆነ ተነግሯል፤ ዝና ያልፈለገች የግል ሰው ስለነበረች። ሱዝ በየካቲት 2011 በ67 ዓመቷ ስላረፈች የሚጠይቃት አልነበረም።

ስለዚህ ነገር ሐሳቤ ይዋልላል። አንድ ጊዜ ደግ ሥራ ይመስለኛል፤ ከስንት ዓመት በኋላ ስሟን ከወሬ ሊያድንላት ፈልጓል። ከስንቱ ዘፋኝ እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ይገኛል? ሌላ ጊዜ ደግሞ ይከነክነኛል። ሴትየዋ እኮ ዝምታዋን ራሷ ሰብራ፣ ራሷ በመረጠችው ስም፣ ሽፋኑ ላይ ስሟን አሳትማ ተናግራለች። ፊት ለፊት ልትቆም ስትዘጋጅ እንደገና መጋረጃ ተጣለላት። የቱ ይበልጣል? የፊልሙን ሥራ ለባለሙያዎቹ እተወዋለሁ፤ እኔ ግን ብሆን ስሜን እፈልገዋለሁ።

እኛ ሀገር ሴት ስታገባ የአባቷን ስም አትጥልም፤ በዚህ ስንኮራ ሰምቻለሁ፣ እኔም ኮርቻለሁ። ነገር ግን የእናቴ እናት ከተዳረችበት ቀን ጀምሮ አማቷ ባወጡላት ስም ነው የኖረችው። የክርስትና ስሟ የተሰማው በፍትሐቷ ቀን ነው። የልደት ስሟን እናቴ እንኳ ያወቀችው ካደገች በኋላ፣ ከአንዲት የአያቴ የልጅነት ጓደኛ ነው። ገበያ ላይ ተገናኝተው ጓደኛዋ በዚያ ስም ስትጠራት አያቴ ወዲያው ዞር ብላ እንደነበር እናቴ ትናገራለች፤ አርባ ዓመት ሙሉ ማንም ሳይጠራት፣ ስሟን ጆሮዋ አልረሳውም።

ማክሰኞ

ባለፈው ማክሰኞ ሰውየው ተመለሱ። ካርቶኑ ጠርዙ ተልጦ፣ የጻፍኩት ጽሑፍ ግማሹ ጠፍቶ ነበር። ጫማቸው ያለ ማሰሪያ ነው። ወንበር አውጥቼ አስቀመጥኳቸውና ካልሲያቸውን ዝቅ እንዲያደርጉ ለመንኳቸው። የካልሲው ላስቲክ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ጣት የሚያስገባ ሰርጉድ ትቷል። በአውራ ጣቴ ጫን አድርጌ ስለቀው ቆዳው ተመልሶ ለመነሣት ጊዜ ወሰደበት። «እርጅና መስሎኝ» አሉ። ዛሬውኑ ሐኪማቸው ዘንድ እንዲሄዱ፣ መድኃኒቱን ግን በራሳቸው ፈቃድ እንዳያቋርጡት ነገርኳቸው፤ ለሐኪሙ የሚሰጡት አጭር ማስታወሻም ጻፍኩላቸው። በዚህ ጊዜ አፌን እያዩ ሰሙኝ። ያልኩትንም መልሰው ነገሩኝ።

ካልሲያቸውን እየሳቡ ስለ ዘፈኑ አነሡ። ባለቤታቸው ማንን እንዳገኙ ሲነግሯቸው ማመን አቅቷቸው እንደነበር። ወረፋ አልነበረም፤ ወንበር ስቤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። «አባቴ፣ ያን ዕለት አዎ ያልኩዎ እውነት አልነበረም» አልኩና ስለ ገጣሚው እናት ነገርኳቸው፤ ስለ ዘመቻው፣ ስላልመጣው መርዶ፣ ራት ቀርቦ ስለሚቆሙባት መስኮት። ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው አዳመጡ። ስጨርስ ጥቂት ዝም አሉ።

«ማን ይባሉ ነበር?» አሉኝ።

አልጠየቅሁም ነበር። ከገጣሚው ጋር ያን ምሽት ያን ያህል ስናወራ፣ የእናቱን ስም አልጠየቅሁትም።

ማታ ቤት ስገባ ጫማዬን ሳላወልቅ ደወልኩለት።